በልኬት መኪና ስለሚቀዱ ነጥቦችና ስለ ምርመራ ወረቀት አነባበብ

ከውጭ አገር የተሽከርካሪ መለዋወጫ፥ የውኃ ፓምፕና የፋብሪካ ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ከዋጋ ዝርዝሩና ከማሸጊያው ዝርዝር ጋር አንድ ሌላ ወረቀት ይደርሳቸዋል። ይኸውም የዕቃው ልክ ከሥዕሉ ጋር የተመሳከረበት፥ ከዳር እስከ ዳር ቍጥር የተደረደረበት የልኬት ምርመራ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ማኅተምና ፊርማ ያለበት መሆኑ ከታየ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ነገር ግን አነባበቡን ለሚያውቅ ሰው ስለ ዕቃው ብዙ የሚናገር ወረቀት ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ዕቃው በትክክል እንዳልተለካ ራሱ ይመሰክራል።

ነገሩ የገንዘብ ጕዳይ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በሌተር ኦፍ ክሬዲት በሚከፈል ግዥ ባንክ የሚመረምረው ሰነዶቹን ነው እንጂ ዕቃውን አይደለም፤ ይህም ከ2007 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ በሚሠራበት ዩ.ሲ.ፒ. 600 በተባለው የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። ስለዚህ የምርመራው ወረቀት በውሉ በታዘዘው መልክ ቀርቦ ከሆነ ባንኩ ይከፍላል፤ በወረቀቱ ላይ ያሉት ቍጥሮች እውነተኛ ልኬት ይሁኑ ወይም ከአንድ መስመር ወደ ሌላው የተገለበጡ ይሁኑ አይጠይቅም። ይህን ሊጠይቅ የሚችለው አስመጪው ብቻ ነው፤ እርሱም የሚጠይቀውን ነገር አስቀድሞ ያወቀ እንደ ሆነ ነው።

የልኬት መኪናው ከሩቅ ሲያዩት በከባድ የግራናይት ድንጋይ ገበታ ላይ የቆመ ድልድይ ይመስላል። ድልድዩ በተጨመቀ አየር ተንሳፎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በድልድዩ ላይ ያለው ጋሪ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይመላለሳል፤ ከጋሪው የተንጠለጠለው ምሰሶ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። በምሰሶው ጫፍ ቀጭን ዘንግ፥ በዘንጉም ጫፍ ብዙውን ጊዜ ከሩቢ የተሠራች ትንሽ ኳስ አለች። ኳሷ ዕቃውን በነካች ቅጽበት መኪናው በሦስቱም አቅጣጫ የደረሰበትን ርቀት ይመዘግባል፤ ለአንድ ነጥብ ሦስት ቍጥር ማለት ነው። ከነዚህም ነጥቦች ኮምፒውተሩ ክቡን፥ ጠፍጣፋውን ገጽና ቀዳዳውን በሒሳብ አስልቶ ያወጣል። መኪናው ቀዳዳ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው የነካቸውን ነጥቦች ብቻ ነው።

ከዚህ ዐይነት መኪናዎች መካከል ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በስኮትላንድ የፌራንቲ ኩባንያ የሠራው ሲሆን በ1959 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በፓሪስ በተደረገው የመሣሪያ ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታይቷል። ዛሬ በየፋብሪካው የሚገኘው ነኪ ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። በ1972 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሮልስ ሮይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው አየርላንዳዊው መሐንዲስ ዴቪድ ማክመርትሪ፥ ለኮንኮርድ አውሮፕላን ሞተር የሚሆኑ ቀጫጭን የነዳጅ ቱቦዎችን መለካት ባስቸገረ ጊዜ፥ ገና በለስላሳው ሲነካ ምልክት የሚሰጥ ነኪ ፈለሰፈ። በዚህ ፈጠራ ምክንያት መኪናው የሰው እጅ ሳይጠብቅ በፕሮግራም ብቻ በመቶ የሚቈጠሩ ነጥቦችን ለመንካት ቻለ፤ ነጥቦችን የመቅዳት ሥራም ዋጋ ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው።

የመቅዳቱን ነገር ለመረዳት በፓምፕና በቧንቧ ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀውን ባለ 100 ሚሊሜትር፥ ባለ 16 ባር ፍላንጅ ምሳሌ ማድረግ ይቻላል። የፍላንጁ የውጭ ዲያሜትር 220 ሚሊሜትር ነው። ስምንት የቡሎን ቀዳዳዎች አሉት፤ የያንዳንዱ ቀዳዳ ስፋት 18 ሚሊሜትር ሲሆን ማእከሎቻቸው ሁሉ 180 ሚሊሜትር ዲያሜትር ባለው ክብ ላይ ያርፋሉ። የሚገባባቸውም 16 ሚሊሜትር ቡሎን ነው። ለእንዲህ ያለ ተራ ፍላንጅ ትልቁን መኪና መጠቀም ብዙ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ነው፤ ነገር ግን ምሳሌነቱ ቀላል ስለ ሆነ ለማርሽ ሣጥንም ሆነ ለሞተር ክዳን የሚሆነው ሁሉ በእርሱ ላይ ይታያል።

ፕሮግራሙን የሚያዘጋጀው ሠራተኛ ለያንዳንዱ ቀዳዳ አራት ነጥብ ከላይ፥ አራት ነጥብ ከታች ቢመድብ ለስምንቱ ቀዳዳዎች 64 ነጥብ ይሆናል። ለያንዳንዱም ነጥብ ቢያንስ ሁለት ነገር መጻፍ አለበት፤ አንደኛው በሥዕሉ መሠረት ነጥቡ የሚገኝበት ቦታ፥ ሁለተኛው ኳሷ ወደ ዕቃው የምትቀርብበት አቅጣጫ ነው። ይህን 64 ጊዜ በእጅ መጻፍ ጊዜ ያባክናል፤ ለስሕተትም በር ይከፍታል። ስለዚህ እንደ ፒሲ ዲሚስና እንደ ካሊፕሶ ያሉት ሶፍትዌሮች አንዱን ቀዳዳ ብቻ ካስተማሯቸው በኋላ የቀሩትን ሰባቱን በ45 ዲግሪ እያዞሩ ራሳቸው ይቀዳሉ። የፍላንጁ ማእከል መነሻ ሆኖ የመጀመሪያው ቀዳዳ በአንዱ አቅጣጫ 90 ሚሊሜትር፥ በሌላው 0 ላይ ከሆነ፥ ሁለተኛው በሁለቱም አቅጣጫ 63.640 ሚሊሜትር ላይ፥ ሦስተኛውም በ0 እና በ90 ላይ ይውላል። ቀዳዳዎቹ በረድፍ የተሰለፉ ቢሆኑ በማዞር ፈንታ በእኩል ርቀት እየገፉ መቅዳት ይቻላል፤ ብዙ ተመሳሳይ ዕቃዎች በአንድ ገበታ ላይ በተደረደሩ ጊዜም ሙሉው ፕሮግራም ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀዳል።

እስከዚህ ድረስ ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የሚቀዳው ምን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። አንድ ነጋዴ በስምንት መጋዘኖች እህል ቢኖረው፥ «በመጋዘኑ ያለውን ጆንያ ቈጥረህ ላክ» የሚለውን ደብዳቤ አንድ ጊዜ አጽፎ ግልባጩን ለስምንቱም ግምጃ ቤት ጠባቂዎች ቢልክ ትእዛዙ የተስተካከለ ነው። የአንዱ ጠባቂ መልስ ሲደርስ ግን ያንኑ ቍጥር በስምንቱም መዝገብ ላይ ቢያስገለብጥ ሰባቱ መጋዘኖች አልተቈጠሩም። በልኬት ሥራም እንደዚሁ ትእዛዙ ሊቀዳ ይችላል፤ ውጤቱ ግን በየቀዳዳው በአዲስ መነካት መገኘት አለበት።

ታዲያ ውጤቱ የሚገለበጠው ሁልጊዜ ለማታለል ታስቦ አይደለም፤ ይልቁንም አብዛኛውን ጊዜ በችኰላ የሚመጣ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ልኬቱን የሚያዝዘው ክፍል ሌላ፥ ውጤቱን በወረቀት ላይ የሚያወጣው ክፍል ሌላ ነው። ሠራተኛው ሁለቱንም በቀዳ ጊዜ በወረቀት የሚያወጣው መስመር ስሙ «ቀዳዳ 2»፥ «ቀዳዳ 3» እየተባለ ይለወጣል፤ ነገር ግን ውስጡ አሁንም የቀዳዳ 1ን ውጤት እንዲያነብ ታዝዞ ይቀር ይሆናል። እንዲህ በሆነ ጊዜ መኪናው ስምንቱንም ቀዳዳዎች በትጋት ይነካል፤ ወረቀቱ ግን አንዱን ቀዳዳ ስምንት ጊዜ ያትማል። በመኪናው አጠገብ የቆመ ሰው እንኳ ሥራው ሲሠራ በዐይኑ ስላየ ምንም አይጠረጥርም።

ይህን ዐይነቱን ጕድለት አስመጪው ከጠረጴዛው ሳይነሣ ሊያገኘው ይችላል። በምርመራው ወረቀት ላይ የሥዕሉ ልክ የተጻፈበት አንድ ዐምድ፥ የተለካው ልክ የተጻፈበት ሌላ ዐምድ አለ። የሥዕሉ ዐምድ ለስምንቱም ቀዳዳ 18.000 ቢል ተገቢ ነው። የተለካው ዐምድ ግን ለስምንቱም 18.043 የሚል ከሆነ ሊታመን አይገባም። መሰርሰሪያ ስምንት ቀዳዳ ሲበሳ እስከ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ድረስ እኩል አድርጎ አይበሳም፤ አንዱ 18.043፥ ሌላው 18.051፥ ሌላው 18.038 መሆኑ የተፈጥሮ ነው። ያው አንዱ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ቢለካ እንኳ በመጨረሻው አሐዝ ላይ ትንሽ ልዩነት ይታያል። እርግጥ ነው፥ ወረቀቱ የሚጽፈው እስከ አሥረኛው ብቻ ከሆነ የቍጥሮቹ መመሳሰል አያስጠረጥርም፤ ስለዚህ ውጤቱ እስከ ሦስት አሐዝ እንዲጻፍ አስቀድሞ ማዘዝ ይበጃል። ለሁለት የተለያዩ ዕቃዎች የተሰጡ ሁለት ወረቀቶች ከላይ እስከ ታች አንድ ሆነው ከተገኙም ሁለተኛው ዕቃ መለካቱ ያጠራጥራል።

የስሕተቱ ዋጋ ምን ያህል ነው ቢባል፥ ቡሎኑ 16፥ ቀዳዳው 18 ሚሊሜትር ስለ ሆነ ሁለት ፍላንጆች ሲገጠሙ ቀዳዳዎቹ እርስ በርሳቸው እስከ 2 ሚሊሜትር ቢዛነፉ ቡሎኑ ያልፋል። ከስምንቱ አንዱ ቀዳዳ 3 ሚሊሜትር ቢዛነፍ ሰባቱ ቡሎኖች ይገባሉ፤ ስምንተኛው አይገባም። ወረቀቱ ቀዳዳ 1ን ስምንት ጊዜ ያተመ እንደ ሆነ ይህ መዛነፍ በየትኛውም መስመር አይገኝም። ዕቃው ባሕር ተሻግሮ፥ በጅቡቲ ወደብ አልፎ፥ ቀረጥ ተከፍሎበት፥ ውኃ በሚጠበቅበት ቦታ ሲገጠም ብቻ ይታወቃል። በዚያን ጊዜ ደግሞ ገንዘቡ ከባንክ ከወጣ ቈይቷል።

ሌላው የመቅዳት ጕድለት የአቅጣጫ ነው። ነጥቡ በ45 ዲግሪ ሲዞር ኳሷ የምትቀርብበት አቅጣጫም አብሮ መዞር አለበት። ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የኳሷን ማእከል ስለ ሆነ፥ የዕቃውን ገጽ ለማግኘት የኳሷን ግማሽ ዲያሜትር በታዘዘው አቅጣጫ ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። አቅጣጫው ከእውነተኛው የተለየ ከሆነ ሒሳቡ ይሳሳታል። 2 ሚሊሜትር ዲያሜትር ላላት ኳስ 10 ዲግሪ ያህል የተዛባ አቅጣጫ 0.015 ሚሊሜትር የሚያህል ስሕተት ያመጣል። ለቧንቧ ፍላንጅ ይህ ምንም አይደለም፤ ኩሽኔታ ለሚገባበት ቤት ግን ኩሽኔታው ጠብቆ በመግባትና ላልቶ በመዞር መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ አይበልጥም።

የቀኝና የግራ ዕቃ ሲሆን ፕሮግራሙ እንደ መስተዋት ተገልብጦ ይቀዳል። የተሽከርካሪ መለዋወጫ ሻጮች እንደሚያውቁት የግራው ዕቃ የቀኙ ግልባጭ የሚመስል፥ ነገር ግን አንድ ቀዳዳ ወይም አንድ ጠርዝ ብቻ የሚለይበት ጊዜ አለ። ሶፍትዌሩ ይህን ልዩነት ከሥዕሉ ካልተነገረው በራሱ አያውቅም፤ ስለዚህ ለግራው ዕቃ የራሱ ሥዕል ቍጥር በወረቀቱ ላይ መጻፉን ማየት ይገባል። ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ሲኬድ ነኪው ወደ ላይ የሚነሣበት ትእዛዝ አብሮ ባለመቀዳቱ ዘንጉ ከዕቃው ጋር ተጋጭቶ መሰበሩም በየመለኪያው ክፍል የታወቀ ነገር ነው፤ ይህ ግን የሻጩ ኪሳራ እንጂ የገዢው አይደለም።

የነጥቦቹ ብዛትም ሌላ ጕዳይ ነው፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ የነበረ ጕድለት በቅጂው ሁሉ ይባዛልና። አንድን ክብ ለመሥራት ሒሳቡ የሚጠይቀው ሦስት ነጥብ ብቻ ነው። በቀጥታ መስመር ላይ ያልተሰለፉ ማናቸውም ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ ፍጹም ክብ ይሰጣሉ፤ ቀዳዳው ሞላላም ሆነ ባለ ጐድን በወረቀቱ ላይ ክብነቱ ያለ ነቀፋ ሆኖ ይወጣል። ስስ ቀለበት በባለ ሦስት መንጋጋ መቆንጠጫ ተይዞ ሲቈረጥ ከተለቀቀ በኋላ ሦስት ጐድን ያወጣል፤ በ120 ዲግሪ የተራራቁ ሦስት ነጥቦች ደግሞ ወይ ሦስቱንም ጐድኖች፥ ወይ ሦስቱንም ጕድጓዶች፥ ወይም ሦስት ተመሳሳይ ቦታዎችን ብቻ ያገኛሉ። ነገሩን የሚያስገርመው እንዲህ ያለውን ቅርጽ ካሊፐርም አለማግኘቱ ነው፤ ባለ ሦስት ጐድኑ ቅርጽ በየትኛውም አቅጣጫ በሁለት መንጋጋ ቢያዝ ስፋቱ እኩል ሆኖ ሊገኝ ይችላልና። ስለዚህ «በስንት ነጥብ ተለካ?» ብሎ መጠየቅ የትዕቢት ጥያቄ አይደለም። መልሱ ሦስት ከሆነ ስለ ቀዳዳው ክብነት የቀረበው ቍጥር ዋጋ የለውም፤ ስምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሊታይ የሚገባው ቍጥር ነው።

ነጥብ መብዛቱም ብቻውን አይበቃም። ሠራተኛው ሲቀዳ አንዳንድ ነጥቦችን ሳያስተውል በዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ቢያስቀምጥ፥ ለምሳሌ ከስምንት ነጥቦች አንዱን ጐን የሚነኩት አራት ሆነው ቢደራረቡ፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራበት ሒሳብ ነጥቦችን ሁሉ በእኩል ስለሚመዝን ማእከሉን ወደዚያ ጐን ያዘነብለዋል። የቡና ናሙና የሚወስድ ሰው ከአንድ ጆንያ አራት ጊዜ፥ ከቀሩት አንድ አንድ ጊዜ ቢወጋ የሚያገኘው ጣዕም የክምሩ ሳይሆን በይበልጥ የዚያ ጆንያ እንደሚሆነው ማለት ነው። በአንጻሩ አንድን ነጥብ ሆን ብሎ አሥር ጊዜ ደጋግሞ መንካት ጠቃሚ ፈተና ነው፤ ውጤቶቹ ምን ያህል እንደሚራራቁ ሲታይ መኪናው በራሱ ቃል መጽናቱ ይታወቃል። ነገር ግን የጸና መኪና ሁሉ ትክክለኛ አይደለም፤ ሁልጊዜ አንድ ሩብ የሚያጐድል ሚዛንም በጕድለቱ የጸና ነው። ለትክክለኛነቱ ማስረጃ የሚሆነው አይ.ኤስ.ኦ. 10360 በተባለው ደንብ መሠረት መኪናው የተፈተነበት የምስክር ወረቀት ነው።

እንግዲህ አስመጪው ከመክፈሉ በፊት፥ ይልቁንም ሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ከመከፈቱ በፊት፥ የምርመራው ወረቀት ምን ምን እንዲይዝ እንደሚፈልግ በውሉ ውስጥ ቢያስጽፍ ይጠቀማል። የዕቃው መለያ ቍጥርና የሥዕሉ ቍጥር፤ የያንዳንዱ ቀዳዳ የተለካ ስፋትና ቦታ ለየብቻው እስከ ሦስት አሐዝ፤ ለያንዳንዱ ቀዳዳ የተነኩት ነጥቦች ብዛት፤ የተለካበት ቀንና ሰዓት እንዲሁም የክፍሉ ሙቀት ቢጻፉ ሻጩ የሚያወጣው ተጨማሪ ገንዘብ እምብዛም ነው፤ ሶፍትዌሩ አብዛኛውን ራሱ ያትመዋልና። ስለ ሙቀቱ፥ የዓለም የልኬት ሥራ የተስማማበት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን አንድ ሜትር ብረት በያንዳንዱ ዲግሪ 0.0115 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ አሉሚኒየም ደግሞ የዚህን እጥፍ ያህል። ሰዓቱም የራሱ ጥቅም አለው። አንድ ፕሮግራም ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ሆኖ ሳለ የአሥር ዕቃዎች ወረቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ታትሞ ከተገኘ ሻጩ አንድ ማስረዳት ያለበት ነገር አለ።

መኪናውም ወረቀቱም የሌለው ባለ ሱቅ ደግሞ ፍላንጁ በእጁ ሲገባ በካሊፐር ብቻ ጥሩ ማረጋገጫ ሊያደርግ ይችላል። ከላይ በተጠቀሰው ፍላንጅ ላይ የጐረቤታም ቀዳዳዎች ማእከል ለማእከል ርቀት 68.9 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የቀዳዳው ስፋት 18 ሲቀነስ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል የሚቀረው ብረት በጠባቡ ቦታ 50.9 ሚሊሜትር ይሆናል። ስምንቱንም ክፍተቶች በየተራ ለክቶ መጻፍ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። አንዱ ቀዳዳ በክቡ ላይ 3 ሚሊሜትር ተገፍቶ ከሆነ አንዱ ክፍተት ወደ 48፥ አጠገቡ ያለው ወደ 54 ይጠጋል፤ ጕድለቱ በዐይን ይታያል። ቀዳዳው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የተገፋ እንደ ሆነ ግን በነዚህ ክፍተቶች በደንብ ስለማይታወቅ፥ ፊት ለፊቱ ካለው ቀዳዳ ጋር ያለው የውስጥ ርቀት 162 ሚሊሜትር መሆኑ ደግሞ መለካት አለበት። የተገኙት ቍጥሮች ከቀኑ ጋር በዕቃ መረከቢያው ላይ ተጽፈው፥ የሻጩ የምርመራ ወረቀትም አብሮ ተያይዞ፥ በውሉ የተወሰነው የአቤቱታ ጊዜ ሳያልፍ መላክ ይኖርባቸዋል።